ማስረጃ ያልተገኘለት ኦክሲጅን
ከባድ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽንን በግፊት ኦክሲጅን ስለ ማከም የቀረበው ክለሳ ከምዕራብ ጎጃም ሲነበብ

ጆን ፊሊፕስና ሳይመን ጆንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በኮክሬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ስልታዊ ክለሳ አሳትመዋል፤ ክለሳው በ2013 ታድሶ እንደገና ወጥቷል። የጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። የራስ ቅልን አጥንት እየበላ የሚሄደውን ከባድ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን ለማከም፣ ከመድኃኒትና ከቀዶ ሕክምና በተጨማሪ ሕመምተኛውን ከፍተኛ ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ንጹሕ ኦክሲጅን ማስተንፈስ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? አዘጋጆቹ የሕክምና መረጃ ስብስቦችን ፈትሸው፣ ሕሙማንን በዕጣ መድቦ ያነጻጸረ አንድም ሙከራ አላገኙም። ስለዚህም ሕክምናው ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ከቀዶ ሕክምና የተሻለ ስለመሆኑ ግልጽ ማስረጃ እንደሌለ፣ የሚያስከትለውንም ጉዳት ለማነጻጸር የሚያስችል አኃዝ እንዳልተገኘ ገልጸው፣ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ በማሳሰብ ዘግተዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ የተደረገው እድሳትም የደረሰው ከዚያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን «ባዶ» ክለሳ አንባቢ ቶሎ አልፎት ይሄዳል። ሥራው ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ የሚመሰገንበትም የሚነቀፍበትም ነገር አለውና። በተለይም ግፊት ክፍል ቀርቶ የጆሮ ስፔሻሊስት በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ፣ በፍኖተ ሰላም አጠቃላይ ሆስፒታል ወይም በቡሬ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ባለሙያ ከዚህ ክለሳ ምን ሊወስድ እንደሚችል፣ ምንስ ሊጎድልበት እንደሚችል መመርመር ተገቢ ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ቱልሙሽ እ.ኤ.አ. በ1838 የጆሮ አጥንት መመርቀዝን ገልጾ ጽፏል። በ1959 ሜልትዘርና ኬልመን በአንድ የስኳር ሕመምተኛ ላይ የተነሳውን ተመሳሳይ ሕመም ሲውዶሞናስ ከተባለው ባክቴሪያ ጋር አያያዙት። በ1968 ቻንድለር 13 ሕሙማንን በአንድነት ባቀረበበት ጽሑፍ «አደገኛ» የሚለውን ስም ሰጠው። ስሙ እስከ ዛሬ ብዙ ጉዳት አድርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእንግሊዝኛው ቃል የሚጠራው ይህ ሕመም ካንሰር አይደለም፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ ቃሉን ያነበበ የቤተሰብ አባል ግን ካንሰር ነው ብሎ ይረዳል፤ ካንሰር ነው ከተባለም በገጠር ብዙ ጊዜ ሕመምተኛውን ወደ ቤት መመለስ ይከተላል። በአሁኑ ጊዜ «አጥንት የሚያበሰብስ የውጭ ጆሮ ኢንፌክሽን» የሚለው አጠራር እየተለመደ መምጣቱ ስለዚህ መልካም ነው። ክለሳው ግን በርዕሱ የቆየውን ስም ይዞ ቀርቷል።

የሕመሙ አካሄድ እንደሚታወቀው ነው። የሚጠቁት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ የስኳር ሕሙማን፣ እንዲሁም በኤች አይ ቪ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ናቸው። ባክቴሪያው ከጆሮ ቦይ ቆዳ ተነስቶ በለምለም አጥንቱ ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ራስ ቅል ግርጌ ይዘልቃል። ከዚያም የፊት ነርቭን፣ ቀጥሎም ለመዋጥና ለድምፅ የሚያገለግሉትን ነርቮች ይይዛል። ሕመምተኛው ፊቱ ሲጣመም፣ ምግብ ሲያንቀው፣ ድምፁ ሲሰልል በሽታው ከጆሮ ወጥቶ ከሄደ ሰንብቷል ማለት ነው።

ኦክሲጅን የታሰበው ለምንድን ነው? ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያን የሚገድሉት ኦክሲጅን ሲያገኙ ነው። በተመረቀዘና የደም ዝውውሩ በተጎዳ አጥንት ውስጥ ደግሞ ኦክሲጅን በጣም ያንሳል። አየር የሚተነፍስ ሰው በ100 ሚሊ ሊትር የደም ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሦስት አትሞስፌር ግፊት ንጹሕ ኦክሲጅን ሲተነፍስ ግን ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ኢተ ቦሬማ እ.ኤ.አ. በ1960 በአምስተርዳም ቀይ የደም ሴላቸው እጅግ የተቀነሰ አሳማዎች በግፊት ክፍል ውስጥ በሕይወት ሊቆዩ እንደሚችሉ ያሳየው በዚሁ ስሌት ነው። ለጆሮው ሕመም የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 2.5 አትሞስፌር ግፊት፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ ከ20 እስከ 40 ለሚሆኑ ቀናት ነው።

ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ከሐሳቡ ወደ ማስረጃ ሲታለፍ ግን እርግጡ ይሳሳል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቪስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የ17 ሕሙማን ዘገባ ነው። ውጤቱ አበረታች ነበር። ሕሙማኑ ግን ኦክሲጅኑን ብቻቸውን አልወሰዱም፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ወስደዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የዘመኑ ጉዳይ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሴፍታዚዲም በሕክምናው ዓለም የተስፋፉት በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ ቀድሞ ብዙዎችን ይገድል የነበረው ይህ ሕመም አብዛኞቹ ታካሚዎች የሚድኑበት የሆነው ከእነርሱ በኋላ ነው። የግፊት ኦክሲጅን ዘገባዎች የወጡት በዚያው ዘመን ስለሆነ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ከዘገባዎቹ መለየት አይቻልም። ከ2013 በኋላ የታተሙትም በአብዛኛው ከካርድ የተሰበሰቡ የጥቂት ሕሙማን ታሪኮች ናቸው። የዳነው ሰው ታሪክ ደግሞ ካልዳነው ይልቅ ለኅትመት ይፈጥናል።

ፊሊፕስና ጆንስ እነዚህን ዘገባዎች ከመስፈርታቸው ውጪ አድርገው «ማስረጃ የለም» ማለታቸው ድፍረት የሚጠይቅ ሐቀኝነት ነው። የሕክምና ታሪክ ተቃራኒውን አይቷል። ኦርቫል ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 በክሊቭላንድ ባለ አምስት ፎቅ ግዙፍ የብረት ኳስ አሠርቶ፣ ስኳርን ጨምሮ ልዩ ልዩ በሽታዎችን በግፊት አየር አክማለሁ አለ። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር ማስረጃ እንዲያቀርብ ደጋግሞ ጠየቀው፤ አላቀረበም። ኳሱ በ1942 ፈርሶ ብረቱ ለጦርነቱ ዋለ። ክለሳው ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ጥያቄ መልሶ በመጠየቁ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነቀፋው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ግልጽ ማስረጃ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለት አቅጣጫ ተሳስቶ ይነበባል። አንዱ አንባቢ «እንደማይጠቅም ተረጋግጧል» ብሎ ይወስደዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ያልተመዘነ ነገር ቀላል ነው አይባልም። ሌላው ደግሞ «እንደማይጠቅም አልተረጋገጠምና ይሞከር» ይላል። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ወደ ውጭ አገር ተጉዞ፣ መሬቱንና በሬውን ሸጦ፣ የግፊት ክፍል ፍለጋ የሚወጣው በዚህ ንባብ ነው። ክለሳው ሁለቱንም ንባቦች የሚያርም ቃል በማጠቃለያው ላይ ሊያስቀምጥ ይችል ነበር። አብዛኛው አንባቢ የሚያነበው ማጠቃለያውን ብቻ መሆኑም የታወቀ ነው።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለውም ምክር እንዲሁ ሳይብራራ ታልፏል። በሽታው እምብዛም የማያጋጥም ከሆነ፣ አንድ ሆስፒታል በዓመት የሚያያቸው ሕሙማን በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ፣ በዕጣ ለመመደብ የሚበቃ ቁጥር ከየት ይመጣል? ብዙ አገሮች ተባብረው ካልሆነ በቀር ሙከራው አይደረግም፤ እስከዚያው ድረስ ደግሞ ሕመምተኛው ይመጣል።

የክለሳው ጥያቄ ወደ ምዕራብ ጎጃም ሲመጣ መልኩን ይለውጣል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ቡሬ ከዚያው መንገድ ላይ ወደ ባሕር ዳር ጠጋ ትላለች። ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ፣ ከቋሪት፣ ከሰከላ የሚመጣው ታካሚ ግን አስፋልቱ ላይ ለመድረስ አስቀድሞ በእግር ወይም በቃሬዛ ይጓዛል። የግፊት ክፍል በፍኖተ ሰላምም በቡሬም የለም። ሊኖር ይገባ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በቁጥር ሊመለስ የሚችል ነው፤ ክለሳውም ሊነካው ሲገባ ያልነካው ይህን ነው።

አንድ ሰው የሚይዘውና በኦክሲጅን የሚሞላው የግፊት ክፍል በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ኦክሲጅን ይፈልጋል። በደቂቃ 250 ሊትር ብቻ ነው ብንል፣ የ90 ደቂቃው አንድ ቀጠሮ 22,500 ሊትር ይፈጃል። በየሆስፒታሉ የሚታየው ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል የሚይዝ ስለሆነ፣ ይህ ከሦስት ሲሊንደር በላይ ነው። ሠላሳ ቀጠሮ ወደ 100 ሲሊንደር ይጠይቃል። የመተንፈስ ችግር ላለበት አራስ በደቂቃ አንድ ሊትር ቢሰጥ፣ የአንዱ ቀጠሮ ኦክሲጅን ያንን ሕፃን ከ15 ቀናት በላይ ያቆየዋል። ብዙ ሰው የሚይዙትና ኦክሲጅኑን በጭንብል የሚሰጡት ክፍሎች ይህን ያህል አይፈጁም፤ እነርሱ ደግሞ መጭመቂያ ሞተር፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የሠለጠነ ኦፕሬተርና የእሳት መከላከያ ይፈልጋሉ። ከአየር ላይ ኦክሲጅን የሚያጣራው ኮንሰንትሬተር ለዚህ አይበቃም፤ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር ብቻ ይሰጣል፣ ንጽሕናውም ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሕክምና ኦክሲጅንና የኦክሲጅን መለኪያ መሣሪያን ለማዳረስ ፍኖተ ካርታ ያወጣው፣ ኦክሲጅን በተራ መልኩ እንኳ ለሳንባ ምች፣ ለወላድና ለአራስ ባለመዳረሱ ነበር። የኮቪድ 19 ወረርሽኝም በ2020 እና በ2021 ያንኑ ክፍተት ለሁሉም አሳየ።

ከፍታም አለ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በባሕር ወለል የተጻፈ መመሪያ የመሣሪያውን ጠቋሚ በ1.4 አትሞስፌር አቁሙ ቢል፣ እዚያ ድምሩ 2.4 ይሆናል፤ በፍኖተ ሰላም ግን 2.2 ብቻ ነው። የታተሙት ዘገባዎች ግፊቱን በድምር ይሁን ከአካባቢው አየር በላይ ይለኩት ሁልጊዜ ግልጽ አያደርጉም። ለደጋ አገር አንባቢ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ባሕር ዳር ወይም ከፍኖተ ሰላም ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ወደምትገኘው ደብረ ማርቆስ ሪፈር መጻፍ የሚቻል ነገር ነው። በየቀኑ ለሠላሳና ለአርባ ቀን የሚደጋገም ሕክምና ግን ከሪፈር የተለየ ነገር ነው፤ ማደሪያ፣ አስታማሚና ስንቅ ይፈልጋል። በክልሉ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በተከሰተው ግጭት መንገዱ ደጋግሞ በተዘጋበት ጊዜ አንዲት ቀጠሮ እንኳ ሳትዛነፍ ማለፏ አጠራጣሪ ሆኖ ነበር። የግፊት ሕክምናው ራሱም ያለ ጉዳት አይደለም። ከሁሉ የሚዘወተረው የመካከለኛው ጆሮ በግፊት መጎዳት ነው፤ የታመመው ጆሮ መሆኑ ደግሞ ምጸት ይመስላል። የዓይን እይታ ለጊዜው ይለወጣል፣ አልፎ አልፎ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ይከሰታል፣ ኢንሱሊን የሚወስደው ሕመምተኛ ስኳሩ በክፍሉ ውስጥ ሊወርድ ይችላል።

የክለሳው ዋና ጉድለት ከዚህም ይለያል። ክለሳው ሕመምተኛውን የሚቀበለው በሽታው ከታወቀ በኋላ ነው። በገጠር ሰው የሚሞተው ግን ከዚያ በፊት ነው። መንገዱን ማየት ይበቃል። ዕድሜው የገፋ ገበሬ ጆሮው ይቆረጥመዋል። መጀመሪያ የጤና አዳም ጭማቂ ይጨመርበታል፤ ወይም ሞቅ ያለ ዘይት። ማሳከኩን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። መኸር ስለሆነ፣ በቆሎና በርበሬ ስለሚሰበሰብ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ጠብታና የአምስት ቀን ክኒን ይዞ ይመለሳል። ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይብስበታል፤ እንቅልፍ ይነሳዋል። ከእንደገና ሲመጣ ጆሮው ቆሻሻ አለበት ተብሎ በውሃ ይታጠባል። በዚህ ሁሉ መካከል ስኳሩን የለካ ሰው የለም።

የጆሮ እጥበቱ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የስኳር ሕመምተኛ ጆሮ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ በኋላ ይህ ኢንፌክሽን እንደተቀሰቀሰ ከውጭ አገር የታተሙ ዘገባዎች አሉ። ሲውዶሞናስ እርጥበት ይወዳል። ዕድሜው ከገፋ ወይም ስኳር ካለበት ሰው ጆሮ ላይ መርፌ አልባውን ሲሪንጅ ከማንሳት በፊት ስኳሩን ለክቶ በኦቶስኮፕ መመልከት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ስለ ጠበልም እንዲሁ። ባለሙያው ከሕመምተኛው እምነት ጋር ሙግት መግጠም አይጠበቅበትም፤ ሲጠመቅ ጆሮውን ቫዝሊን በተቀባ ጥጥ እንዲደፍን ቢመክረው ይሰማዋል። «ጠበል አትሂድ» ከተባለ ግን ወደ ጤና ጣቢያው ላይመለስ ይችላል።

የስኳር ሕመም የከተማ ሰውና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው አስተሳሰብም ለዚህ ስሕተት አስተዋጽኦ አለው። በጎንደርና በጅማ አካባቢ በተደረጉና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተሙ ጥናቶች፣ በገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ሕሙማን ድሆችና ከሲታ ገበሬዎች እንደሆኑ ተገልጿል። እዚያው ጎንደርና ጅማ ላይ ደግሞ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በጤና ጣቢያ ደረጃ የስኳርና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትል እንዲያደርጉ የተዘረጋው አሠራር ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። የጎጃሙ ከሲታ ሽማግሌ ስኳሩ የማይለካው ስኳር ያለበት ስለማይመስል ነው። ጆሮው ነው የሚናገረው።

ሲቲ ስካንና የራዲዮአክቲቭ ምርመራ በሌለበት በሽታው ሊታወቅ ይችላል ወይ? በአብዛኛው ይቻላል። ከሚታየው ነገር ጋር የማይመጣጠን፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም፤ ለሳምንታት የማይደርቅ ፈሳሽ፤ በጆሮ ቦይ ወለል ላይ፣ ለምለም አጥንቱና ጠንካራው አጥንት በሚገናኙበት ቦታ ቀይ ሥጋ መሳይ ነገር ማብቀሉ፤ የጆሮ ታምቡሩ ግን ብዙ ጊዜ ደህና መሆኑ፤ ከፍ ያለ ኢ.ኤስ.አር፤ ከፍ ያለ የደም ስኳር። እነዚህ ሁሉ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም ላቦራቶሪና በአንድ የጆሮ መመልከቻ የሚገኙ ናቸው። ኢ.ኤስ.አር ርካሽና የቆየ ምርመራ ስለሆነ ይናቃል፤ ለዚህ በሽታ ግን ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለመከታተል ከሚያገለግሉት አንዱ ነው። ከበቀለው ሥጋ ናሙና ወስዶ መላክ ደግሞ ሊታለፍ አይገባም፤ የጆሮ ቦይ ካንሰር ይህንኑ መስሎ ይመጣልና። በአገራችን ሦስተኛ አስመሳይ አለ፤ ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተህዋስ ጆሮንና አጥንቱንም ይይዛል።

ክለሳው ኦክሲጅንን የሚያነጻጽረው ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ስለሆነ፣ መድኃኒቱ በትክክል ተሰጥቷል ብሎ ይነሳል። ምዕራብ ጎጃም ላይ ሊያዝ የማይችለው ግምት ይህ ነው። የሚመከረው ሲፕሮፍሎክሳሲን 750 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ነው። በእጅ ያለው 500 ሚሊ ግራም ክኒን ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተኩል፣ በቀን ሦስት፣ በስድስት ሳምንት 126 ክኒን ማለት ነው። ለሽንት ቧንቧና ለተቅማጥ የለመደ እጅ ግን አሥር ወይም አሥራ አራት ክኒን ይጽፋል። ሕመሙ በሳምንቱ ቀለል ሲለው ሕመምተኛው ድኛለሁ ብሎ ይቀራል፤ አጥንቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን አልሞተም። በሁለት ወሩ ፊቱ ተጣሞ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ማዘዣ እየተሸጠ፣ ለሆድ ቁርጠትም ለትኩሳትም እየተወሰደ፣ የመጨረሻው በአፍ የሚወሰድ መሣሪያ መቼ ድረስ እንደሚቆይ መገመት አያስቸግርም።

መድኃኒቱን ያዘዘ ባለሙያም ሦስት ነገር ሊነግር ይገባዋል። ከወተት፣ ከጨጓራ ማስታገሻና ከብረት ክኒን ጋር አብሮ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተለያይቶ ይወሰድ። ግሊቤንክላሚድ ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ምልክቱን ቤተሰቡ ይወቅ። የቲቢ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲኑ ከመጀመሩ በፊት ናሙና ይወሰድ፤ መድኃኒቱ የቲቢውን ተህዋስ ለጊዜው አዳክሞ ምርመራውን ያሳስታልና። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ቲቢ እምብዛም በማይታይበት አገር የተጻፉ ጽሑፎች አያነሱትም፤ ማንሳት ያለበት እዚህ የሚሠራው ባለሙያ ነው።

ለክለሳው ሚዛናዊ ለመሆን፣ አዘጋጆቹ ስለ ጎጃም ገበሬ ጻፉ ተብለው አልተጠየቁም። የተጠየቁት አንድ ሕክምና ማስረጃ አለው ወይ ተብለው ነው፤ ለእርሱም ቀጥተኛ መልስ ሰጥተዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ክለሳ በዓለም ሁሉ ይነበባል፤ በስኳር ሕክምናና በጆሮ ምርመራ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ አገሮችም መመሪያ አውጪዎች እንደ ምንጭ ያገለግላል። ቀጣዩ እድሳት ሲዘጋጅ ግፊቱ በምን እንደተለካ፣ ኦክሲጅኑ ስንት እንደፈጀ፣ ሕሙማኑ መድኃኒቱን ለስንት ሳምንት እንደወሰዱና ስኳራቸው እንዴት እንደተያዘ የሚጠይቅ ሠንጠረዥ ቢጨመርበት፣ ሙከራ ባይገኝ እንኳ ባዶ አይሆንም ነበር።

በዕጣ የተመደበ ሙከራ ማድረግ በማይቻልበት ቦታም ቢሆን የሚቻል ሥራ አለ። በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በጎንደር የሪፈራል ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለዚህ ሕመም አንድ ዓይነት መዝገብ ቢያዝ፣ በውስጡም የሕመምተኛው ዕድሜ፣ የመጀመሪያው የደም ስኳር፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት፣ ጆሮው ከመመርመሩ በፊት የታጠበ መሆን አለመሆኑ፣ የፊት ነርቭ ሁኔታ፣ ኢ.ኤስ.አር በየሁለት ሳምንቱ፣ የተሰጠውና በትክክል የተወሰደው ክኒን ቁጥር ቢሰፍር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1992ቱ ዘገባ የሚበልጥ ብዛት ያላቸው ሕሙማን ሊመዘገቡ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና በተረኝነት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ነው፤ በወረቀቱም ላይ «ሌሊት የሚብስ የጆሮ ሕመም፦ ስኳር ለካ፣ አትጠብ፣ ፊቱን እይ» የሚል ይጻፍበታል።